ዳቦ የማይቀበለው ዘበኛ

ሰው «ሙት ወቃሽ አያድርገኝ» ይልና ወዲያው መውቀስ ይጀምራል። እኔ መሐላውን ልዝለለው። ሰይድን በሕይወት እያለም ስወቅሰው ነው የኖርኩት፤ ስለሞተ ብቻ መልአክ አላደርገውም።

መሞቱን የሰማሁት ታክሲ ውስጥ ነው፣ ኦሎምፒያ ላይ መንገዱ ተዘጋግቶ ቆመን ሳለ። የደወለልኝ አለቃዬ ብሩክ ነበር። «ማሂ፣ ጋሽ ሰይድ አረፉ። ቀብራቸው ዛሬ ከዙህር ሶላት በኋላ ነው» አለኝ። ስልኩን ከጆሮዬ ሳላወርድ ጮክ ብዬ፣ «ይሄ ክፉ ሰውዬ!» አልኩ። ረዳቱ እሱን የሰደብኩት መስሎት ዞሮ አፈጠጠብኝ። አጠገቤ የተቀመጡ እናት ክንዴን ያዝ አደረጉኝ።

«ምነው ልጄ፣ ማን ነካሽ?»

«ሰው ሞቶብኝ ነው፣ እማማ።»

«ታዲያ የሞተ ሰው ይሰደባል?»

«እርስዎ ስለማያውቁት ነው» አልኳቸው።

አማተቡና ወደ መስኮቱ ዞሩ። አልፈርድባቸውም፤ እሳቸው ከሰይድ ጋር አልሠሩም።

ቢሯችን ወሎ ሰፈር ነው፣ ሥሩ ጋራዥ ያለበት ሕንፃ ላይ። ከታች ቆርቆሮ ሲቀጠቀጥ ከላይ የኛ ጠረጴዛ ይንቀጠቀጣል። ሥራችን የኮምፒውተር ጌም መሥራት ነው። ኳስ የለውም፣ ተኩስ የለውም። ስክሪኑ ላይ አንድ ሥዕል ይመጣል፤ ግቢ ወይም ሱቅ ሊሆን ይችላል። ተጫዋቹ በማውስ እየጠቆመ ዕቃ ይለቅማል፣ ሰው ያናግራል፤ የለቀመውን ዕቃ ትክክለኛው ቦታ ላይ ሲጠቀምበት ቀጣዩ በር ይከፈታል። ካላወቀው አይከፈትም፣ አለቀ። የሚያሳድደውም የሚገድለውም የለም። ቁጭ ብሎ የራሱን ድንቁርና ያያል። እኔ ሞካሪ ነኝ፤ ጌሙ ለሕዝብ ከመውጣቱ በፊት እየተጫወትኩ የተበላሸውን እለቅማለሁ። በሮቹን የሚዘጋው ደግሞ ሰይድ ነበር።

ሰይድ የወሎ ሰው ነው። ዕድሜውን ሙሉ ለአንድ ጋዜጣ በአግድምና በቁልቁል የሚሞላ የቃላት ጨዋታ ሲያዘጋጅ ኖሮ፣ ጋዜጣው ሲዘጋ ብሩክ ፈልጎ አመጣው። ብሩክ በልጅነቱ ያንን ገጽ ከአባቱ ጋር ይሞላ ስለነበር ትልቅ ሀብት ያገኘ መሰለው። ያገኘው እሾህ ነው። አጭር፣ ደረቅ፣ በበጋም ሹራቡን የማያወልቅ፣ መፋቂያ ከአፉ የማይጠፋ ሰው ነበር። አንድ ቦታ ላይ ስንጣበቅ ድምፅ ሳያሰማ መጥቶ ከኋላችን ይቆማል። መፋቂያው ጥርሱ ላይ ሲፋጭ ብቻ ይሰማናል። ከብዙ ቆይታ በኋላ፣ «አይተሻል እንጂ አላስተዋልሽም» ይልና ይሄዳል። እኔ እስከ ዛሬ ሰው አጠገቤ ሲፍቅ ትከሻዬ ይኮማተራል።

ፍንጭ የለመነው ሰው ደግሞ የባሰ ይገጥመዋል። «አገር ስጪኝ» ይላል። በልጅነታችን እንቆቅልሽ ስንጫወት መልሱ የጠፋበት ሰው አገር ይሰጣል፤ ጠያቂው አገሩን ይቀበላል፣ ትንሽ ይፎክራል፣ ከዚያ መልሱን ይናገራል። ሕጉ ይህ ነው። ሰይድ አገሩን ይቀበላል፣ ይፎክራል፣ መልሱን አይናገርም። መጀመሪያ ጎንደርን ሰጠሁት። «ሩቅ ነው፣ ከዚሁ ከአካባቢው ስጪኝ» አለ። ኦሎምፒያን ሰጠሁት። ወሎ ሰፈርን ከነጋራዡ ሰጠሁት።

«አሁን ይንገሩኛ!»

«ወላሂ አልነግርሽም። የነገርኩሽ መልስ የኔ ነው፣ ያገኘሽው ያንቺ ነው። የኔ ምን ያደርግልሻል?»

«ታዲያ አገሬን ለምን ወሰዱ?»

«ስለሰጠሽኝ።»

ቦሌ ቡልቡላን ብቻ አልሰጠሁትም። ቤቴ እዚያ ነው።

እንድንማር ብሎ ከውጭ የመጡ የቆዩ ጌሞች ያጫውተን ነበር። አንድ ቀን ምድር ቤት ውስጥ ያለ የብረት በር አልከፈት ብሎኝ፣ ከሰዓቱን በሙሉ ስታገለው ውዬ፣ ሲያቅተኝ መልሱን ኢንተርኔት ላይ አነበብኩት። በሩ ተከፈተ። ምንም አልተሰማኝም። ሰይድ በአጠገቤ ሲያልፍ ፊቴን አየና ቆመ።

«ሰርቀሽ ነው» አለኝ።

«በምን አወቁ?»

«የፈታ ሰው እንዲህ ቁጭ አይልም።»

ከዚያ ማውሱን ከእጄ ወስዶ እስከዚያ የተጫወትኩትን በሙሉ ሰረዘው። ከመጀመሪያው እንድጀምር! እንባዬ መጣ። እሱ መፋቂያውን እያኘከ ወደ ወንበሩ ተመለሰ።

ከሁሉም የከፋው ግን ዘበኛው ነው። በኛ ጌም ውስጥ አንዲት ልጅ አለች። የእናቷን የልብስ ስፌት መኪና አንድ ጉልበተኛ ወስዶባቸዋል፤ ሰውዬው ቦሌ ውስጥ ትልቅ ግቢ አለው፣ ልጅቷም ገብታ ማውጣት አለባት። በሩ ላይ ካፖርት የለበሰ ሽማግሌ ዘበኛ ተቀምጧል። በልጅቷ ቦርሳ ውስጥ ዳቦ፣ የባትሪ ድንጋይ፣ ሳሙና፣ ሽቦና የተቀደደ ጃንጥላ አለ። ዘበኛውን ከበሩ ማስነሳት ነው ጥያቄው። የዘበኛውን ድምፅ የቀዳው ራሱ ሰይድ ነበር፣ ተዋናይ እስኪገኝ ተብሎ። ስለዚህ ሰውዬው ቢሮ ውስጥ ሲያቃጥለኝ ይውልና በጆሮ ማዳመጫው ደግሞ ይቀጥላል።

ዳቦውን ሰጠሁት። «ይስጥልኝ ልጄ፣ አሁን በላሁ» አለ ዘበኛው። እሺ፣ ዳቦ አይደለም ማለት ነው። እንዲህ ያሉ ጌሞችን ከልጅነቴ ጀምሮ ተጫውቻለሁ፤ አንድ ዕቃ አንዴ እምቢ ከተባለ መልሱ እሱ አይደለም። የባትሪ ድንጋዩን ሰጠሁት። ሳሙናውን ሰጠሁት። ሽቦውን ከጃንጥላው ጋር አሰርኩት። ሳሙናውን የበሩ ማጠፊያ ላይ ቀባሁት። ብቸገር ዳቦው ላይም ቀባሁት። ግንቡን፣ ዛፉን፣ የመንገዱን መብራት፣ የዘበኛውን ጫማ ሁሉ ጠቆምኩ። ታክሲ ውስጥ ስቀመጥ እንኳ የሰዉን ዕቃ እያየሁ ምኑ ከምኑ ጋር እንደሚገጥም ማሰብ ጀመርኩ። እናቴ «ይቺ ልጅ ምን ሆነች?» ማለት አበዛች።

አንድ ነገር ብቻ አገኘሁ። ልጅቷ ከዘበኛው ፊት ዞር ስትል የዘበኛው ዓይን ወደ ቦርሳዋ ይንከባለላል። የተበላሸ መልቀም ሥራዬ ነውና ደስ ብሎኝ በቢሯችን የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ጻፍኩ፦ «የዘበኛው ዓይን ያለ ቦታው እየሄደ ነው፣ ይስተካከል።» ሰይድ ከሥሩ መለሰልኝ፦ «የሱ ዓይን ቦታው ላይ ነው። ያንቺ ነው የሌለው።» በየጠረጴዛው ሲስቁ ሰማኋቸው።

ይባስ ብሎ ጌሙን ወደ ገበያ ሊያወጡልን የሚችሉ እንግዶች መጡ። ብሩክ ሱፍ ለብሶ ቆሟል። እንግዶቹ እየሳቁ ተጫወቱ፣ ዘበኛው ጋ ደረሱ፣ ሳቁ ቆመ። ብዙ ሞከሩ። በመጨረሻ አንደኛው፣ «ይሄ ነገር ተበላሽቶ ነው?» ብሎ ጠየቀ። ብሩክ እኔን አየኝ፣ እኔ ሰይድን አየሁት። ሰይድ መፋቂያውን ከአፉ አወጣ።

«አልተበላሸም። ይቺ ሞካሪያችንም አልገባትም፤ በር ሲዘጋባት ግድግዳ የሚመስላት ልጅ ናት» አለ። በእንግዳ ፊት!

አንቱታው እዚያው ከአፌ ወደቀ። «አንተ ሰው ሲሰቃይ ማየት ነው እንጂ ጌም መሥራት መቼ ታውቃለህ!» አልኩት። የአባቴ ታላቅ ሊሆን የሚችለውን ሰው። እንግዶቹ ጫማቸውን ያያሉ። ሰይድ ግን አልተቆጣም። «ተናደድሽ? ጥሩ ነው። የተናደደ ሰው አይተወውም» ብሎ ወደ ቦታው ሄደ። ከዚያ ቀን በኋላ በአፌ ጋሽ እያልኩ ብጠራውም በልቤ አንቱ ብዬው አላውቅም።

እንግዶቹ እንደወጡ ብሩክ ቆረጠ። «ሰኞ ስብሰባ አለን። እስከ ሰኞ ማሂ ከፈታችው ዘበኛውን እናቆየዋለን፤ ካልፈታችው እናወጣዋለን። ዴድላይን አለብን» አለ።

«ዘበኛው ከወጣ እኔም እወጣለሁ» አለ ሰይድ። ሲቀልድ አልነበረም፤ ቀልድ አያውቅም።

እንግዲህ አስቡት። የሰውዬው እንጀራ በኔ አፍ ላይ ተንጠለጠለ። «አልቻልኩም» ብል ከሰይድ፣ ከመፋቂያውና ከፉከራው ለዘለዓለም እገላገላለሁ። ቅዳሜ ደግሞ ብሩክ ደውሎ ጭራሽ አቀለለልኝ። «ማሂዬ፣ ራስሽን አታስጨንቂ። አልፈታሁትም በይና እንለፈው። ሁላችንም ደክሞናል።»

«እውነትም አልፈታሁትም» አልኩት። ያኔ እውነት ነበር።

እሑድ እናቴ ምሳ አቅርባ ሳለ ጎረቤታችን አልማዝ የወሰደችውን መሰላል ልትመልስ መጣች። እናቴ ገና ስታያት፣ «ነይ ቁጭ በይ፣ ቅመሺ» አለቻት።

«አሁን በልቼ ነው የወጣሁት እትዬ፣ እግዜር ይስጥልኝ።»

«እንዴት ተደርጎ!»

«ኧረ በቃኝ፣ እውነቴን ነው።»

«በሞቴ! አንዲት ጉርሻ!» ብላ እናቴ ክንዷን ይዛ ጎተተቻት። አልማዝ እየተግደረደረች ተቀመጠች፤ ከዚያማ አበላሏ ምሳ በልታ የመጣች ሰው አይመስልም ነበር። እኔ ግን የያዘኝ አበላሏ አይደለም። በሩ ላይ ቆማ «በልቻለሁ» ስትል ዓይኗ ወጡ ላይ ነበር። አይቼዋለሁ። ጉርሻዬ አፌ ውስጥ እንዳለ ብድግ አልኩ።

«ምን ነካሽ?» አለች እናቴ።

እጄን እንኳ ሳልታጠብ ላፕቶፔን ከፈትኩ። ዳቦውን ሰጠሁት። «ይስጥልኝ ልጄ፣ አሁን በላሁ።» ደግሜ ሰጠሁት። «ኧረ በቃኝ፣ ላንቺው ይሁንሽ» አለ። አዲስ ንግግር! ያን ሁሉ ጊዜ ስንገላታ ይህችን ሰምቻት አላውቅም፣ ምክንያቱም አንዴ እምቢ ያለኝን ሰው ደግሜ አልለመንኩትም። እንደገና ሰጠሁት። «አይ ያንቺ ነገር! እንግዲህ ካልሽ…» ብሎ ዳቦውን ተቀበለ፤ እጁን ሊታጠብ ወደ ቧንቧው ሄደ፤ በሩም ባዶ ቀረ።

ጮኽኩ። ሶፋው ላይ ወጥቼ ዘለልኩ። አልማዝን ከነጉርሻዋ ሳምኳት። ያንን ደስታ በምን ላስረዳችሁ? ፈተና ማለፍ አይደርስበትም። ከጅምሩ ዓይኔ ሥር የነበረ ነገር፣ ማንም ሳይነግረኝ፣ በገዛ ጭንቅላቴ መጣልኝ። የኔ ነበር። ሰውነቴ በሙሉ ሞቀኝ፣ እናቴን «ገባሁ! ገባሁ!» እላታለሁ፣ እሷ የት እንደገባሁ አታውቅም።

ንዴቱ ቆየት ብሎ መጣ። በመግደርደር አገር ያደግኩ ልጅ፣ ለአንድ ሽማግሌ ዳቦ አንዴ ዘርግቼ፣ እምቢ ሲለኝ መልሼ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ? በቤቴ ባደርገው እናቴ የምታፍርብኝን ነገር፣ ጌም ስለሆነ ብቻ ያለ ሐሳብ አደረግኩት። ሰይድ ይህን ያውቅ ነበር። ከኋላዬ ቆሞ ሲያይ የከረመው ይህን ነው። ከልቤ ጠላሁት። ተሳስቶ ቢሆን ይቅር እለው ነበር፤ ልክ የሆነ ክፉ ሰው ግን ያበሽቃል።

ሰኞ በስብሰባው ላይ ብሩክ በዓይኑ «በይ እንግዲህ» አለኝ፣ ከዚያም በአፉ ጠየቀኝ። «ማሂ፣ ዘበኛውን ፈታሽው?»

ሰይድ መስኮቱ ጋ ተቀምጦ ታች ጋራዡን ያያል። መፋቂያው አፉ ውስጥ አልነበረም። እንደበረደው ሰው እጆቹን ጭኖቹ መሃል ከቷቸዋል። መፍራቱን ያወቅኩት ያኔ ነው። ከዚህ ቢወጣ የሚሄድበት አልነበረውም፤ በዚህ ዘመን አግድምና ቁልቁል የሚያሠራ ማን አለ? ደስ አለኝ፣ አልዋሽም። ደስ አለኝ። «አልፈታሁትም» የሚለው ቃል ምላሴ ላይ ነበር፣ እንደ ከረሜላ ይጣፍጥ ነበር። ግን ያ የበሩ ሽማግሌ ምን አደረገኝ? ዘበኛው ልክ ነበር። የሰይድን ቂም በሱ ላይ ልወጣ አልቻልኩም።

«ፈታሁት» አልኩ።

ብሩክ ዓይኑን ጨፈነ። «እስቲ አሳዪን።»

አሳየኋቸው። ዘበኛው ዳቦውን ሲቀበል ሁሉም «ኧረ!» እያሉ ግንባራቸውን መቱ፣ አጨበጨቡ፣ ብሩክ ራሱ ሳይወድ በግዱ ሳቀ። መፋቂያው ከኋላዬ ሲፋጭ ሰማሁ።

«ዘገየሽ» አለኝ ሰይድ። «ሽማግሌው በረሃብ ሊያልቅብሽ ነበር።»

«ምስጋና የለም?»

«ፈታሽው አይደል? ከዚህ በላይ ምን ልስጥሽ?» ብሎ ለሶላት ወጣ። አገሮቼንም አልመለሰልኝም።

ታሪክ የሚያወራ ሰው እዚህ ላይ ሲደርስ «ከዚያ በኋላ ተዋደዱ» ይላል። አልተዋደድንም። ቀጣዩን በር ከዘበኛው በባሰ ክፋት ዘጋው፣ እኔም እንደገና ሰደብኩት። ከዚያ ኩላሊቱ ታመመ። ቢሮ መምጣቱን ቀነሰ፣ ኋላም ቀረ። ጌሙ ሊወጣ ትንሽ ሲቀረው ሞተ።

ይህንን ነው የማልምረው። ጌሙ በወጣ ሰሞን ተጫዋቹ ሁሉ ዘበኛው ላይ ተጣበቀ። ቴሌግራማችን በስድብ ተጥለቀለቀ። «ይህን ዘበኛ የሠራው ሰው እንቅልፍ ይንሳው!» የሚል አለ። ከቀናት በኋላ ያው ሰው ተመልሶ፣ «ፈታሁት! ፈታሁት! ሰውዬውን አገናኙኝ፣ ልስመው!» ብሎ ይጽፋል። ይህ ሁሉ ስድብና ይህ ሁሉ መሳም የሰይድ ነበር። አንዱም አልደረሰው። እኔ ተቀምጬ የሰው ድርሻ አነባለሁ። መልሱን ንገሪን ብለው የሚለምኑኝ አሉ፤ አልነግራቸውም። ብሩክ ተዋናይ አግኝተን የዘበኛውን ድምፅ እንቀይረው ሲል ደግሞ ተጣልቼ አስቆምኩት። ለምን እንደተጣላሁ እንኳ በደንብ ማስረዳት አልቻልኩም።

በቅርቡ ባለቤቱ ወይዘሮ ዘይነባ ቢሮ መጡ፣ መስገጃውንና ትርፍ ሹራቡን ሊወስዱ። ረዥም፣ ዝምተኛ ሴት ናቸው። ዕቃውን ፌስታል ውስጥ አድርጌ ሰጠኋቸው። ተቀብለው ግን አልሄዱም።

«እዚህ ምን ነበር የሚሠራው?» አሉኝ። «ስጠይቀው ‹ሰው አናድዳለሁ› ነው የሚለኝ።»

«እውነቱን ነው» አልኳቸው።

«እስቲ አሳዪኝ።»

ወንበሬ ላይ አስቀመጥኳቸውና ጌሙን ዘበኛው ጋ ከፈትኩት። ማውስ ይዘው ስለማያውቁ እኔ ከጎናቸው ቆሜ ያዝኩላቸው። ልጅቷ ዳቦውን ዘረጋች።

«ይስጥልኝ ልጄ፣ አሁን በላሁ» አለ ሰይድ።

ወይዘሮ ዘይነባ ድምፁን ሲሰሙ ፌስታሉን ደረታቸው ላይ አስጠጉ። ወደ ስክሪኑ ጠጋ አሉ። ታች ቆርቆሮ ይቀጠቀጣል። አሁን ሊያለቅሱ ነው ብዬ፣ ምን ብዬ እንደማጽናናቸው እያሰብኩ ጠበቅኩ። አላለቀሱም። ተቆጡ።

«ውሸቱን ነው» አሉኝ። «አልበላም፣ እኔ አውቀዋለሁ። ደግመሽ ስጪው።»

ደግሜ ሰጠሁት።